ዳይሬክተሩና የማግኔቱ ስቲከር

ሰፈሩ ሁሉ «ዳይሬክተሩ» ይለዋል። ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመት ቢያልፈውም ስሙ አልለቀቀውም፤ እሱም ቢሆን እንዲለቀው አልፈለገም። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት የመራ ሰው ነው። ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ሲመለከት ያረፈደ ተማሪ ይቅርና ያረፈደ መምህር በአጥር ይሾልክ ነበር ይባላል። ቁጥር አንዴ ካየ አይረሳም፤ የተማሪ መለያ ቁጥር ከነአባት ስም ያለ መዝገብ ይጠራ ነበር።

ጡረታ ሲወጣ ግን ቤት መቀመጥ አላወቀበትም። ሦስት ወር ሳይሞላው የሚስቱን የሽንኩርት አከታተፍ ማረም ጀመረ። «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔ ሥራ ፈልጌ ልውጣልህ» አለችው። የነገሩ መጨረሻ አንዲት ነጭ መኪና ገዝቶ በስልክ ከሚጠሩት ታክሲዎች ተርታ መግባት ሆነ።

መንዳቱን ወደደው። ከሰው ጋር ማውራቱን፣ መንገድ መምረጡን፣ በሰዓቱ መድረሱን ወደደ። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ አለው፤ ስቲከሩ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ በስልክ የሚጠራ መኪና ሁሉ በሁለቱም የፊት በሮች ላይ ቢጫ ስቲከር ይለጥፋል፣ የጎን ቁጥሩም ከሩቅ እንዲነበብ በወፍራም ጥቁር ይጻፍበታል። ተሳፋሪው የሚገባበትን መኪና እንዲያውቅ፣ ከኋላ ያለውም አሽከርካሪ «ይህ መኪና ዳር ይዞ ሊቆም ይችላል» ብሎ እንዲጠነቀቅ ነው። በአሽከርካሪዎች ስብሰባ ላይ ይኸው ሲነገር ዳይሬክተሩ ራሱ እጁን አውጥቶ «ተገቢ ደንብ ነው፤ እንዲያውም ዘግይቷል» ብሎ ነበር። ደንብ መቼም በሌላው ሰው በር ላይ ሲለጠፍ ያምራል።

ለራሱ ሲደርስ ይሉኝታ ያዘው። ስንቱን መምህር በደብዳቤ ያስጠነቀቀ ሰው በሩ ላይ ቁጥር ለጥፎ ሲዞር ምን ይሉታል? ስቲከር ቤት ሄዶ ምልክቱን ስስ ማግኔት ላይ አሠራው። ሲፈልግ ልጥፍ፣ ሳይፈልግ ላጥ። ባለሙያው «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይፈቀድም» ቢለው «ቀለሙን እንዳይጎዳብኝ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቦታ ላይ ያነሳዋል፤ ሰፈሩ መግቢያ ላይ ሲደርስና በድሮው ትምህርት ቤቱ በኩል ሲያልፍ። ሚስቱ አንድ ቀን ስቲከሩን ወንበር ስር አግኝታው «ያገባሁት ሌባ ነው እንዴ?» ብትለው ስቆ አለፈው።

አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ከዐይን ክሊኒክ ሰው እንዲወስድ ጥሪ መጣለት። ደዋይዋ ሴት ስትናገር ትቸኩላለች።

«ጋሼ፣ የምትሳፈረው እናቴ ናት። አንድ ዐይኗ ዛሬ ታሽጓል፤ ሌላውም ደህና አያይላትም። ቀለም ግን ትለያለች። በሩ ላይ ቢጫ ያለበት ነጭ መኪና ነው ብያታለሁ። እኔ ከሥራ መውጣት አልቻልኩም፤ እባክዎ ወርደው ይቀበሉልኝ።»

«አይዞሽ ልጄ፣ እንደ እናቴ ነው የማያቸው» አለ፤ ከልቡ ነበር።

ክሊኒኩ ከድሮው ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነው። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ወረደና ሁለቱን ስቲከሮች ላጥ ላጥ አድርጎ ወንበር ስር ከተታቸው። ልጅቷ ያለችው ትዝ አላለውም እንዳንል ትዝ ብሎታል። ወርጄ እቀበላቸዋለሁ ብሎ ራሱን ደለለ እንጂ።

ክሊኒኩ በር አጠገብ ቆሞ ሊወርድ የበሩን እጀታ ሲይዝ ከትምህርት ቤቱ ግቢ የጂኦግራፊው መምህር ብቅ አለ። ይህ በአርፋጅነቱ ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፈበት ሰው ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ መኪናው ይመጣል። ዳይሬክተሩ ኮፍያውን ደፋና የወደቀበትን እንደሚፈልግ ሰው ከመሪው ስር ጎንበስ አለ። አንድ ደቂቃ ቆየ፤ ምናልባትም ሁለት። በመሃል የሰው መዳፍ የመኪናውን በር ዳበሰ፤ ጥላ መስኮቱ ላይ አረፈ፤ ከዚያም አለፈ። እሱ መምህሩ መሰለውና ይባስ ብሎ አጎነበሰ።

ቀና ሲል መምህሩ የለም። በመስተዋቱ ውስጥ ግን ዐይናቸው በነጭ ፋሻ የታሸገ አንዲት አሮጊት ከኋላው ወደቆመ ሌላ ነጭ መኪና ሲገቡ አየ። አንድ ጎልማሳ ክንዳቸውን ደግፎ በትህትና በሩን ይዘጋላቸዋል። ከዚያ ክሊኒክ ዐይኑን ያልታሸገ አይወጣምና የሌላ ሰው እናት መሰሉት፤ እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ ብሎ አሰበ፤ አወይ አለማወቅ! መኪናው ተነስቶ በአጠገቡ ሲያልፍ ሰሌዳውን እንዲሁ በልማድ አነበበው።

ለእሱ የመጣ ግን የለም። ሁለት ደቂቃ ጠብቆ ወደ ልጅቷ ደወለ።

«ልጄ፣ እናትሽ አልወጡም እንዴ?»

«እንዴ! ገብቻለሁ ብላ አሁን ደወለችልኝ እኮ። ሹፌሩ ደግ ነው ስትል ነበር።»

«የት ነው የገቡት?»

«እርስዎ ጋር ነዋ!»

በመስተዋቱ ያያቸው አሮጊት ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት።

«ጋሼ? እናቴ ማን ጋር ናት?»

«ስልካቸው ላይ ደውዪ። ቶሎ!»

መኪናውን አስነስቶ ያ ነጭ መኪና በሄደበት ነዳ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ልጅቷ መልሳ ደወለች። «ተዘግቷል» አለች።

ዳይሬክተሩ በዕድሜው ጥሩምባ ነፍቶ ሰው ቀድሞ አያውቅም። ያን ቀን ነፋ፤ ቀደመ፤ በቀይ መብራት ሁሉ አለፈ። ግን ከተማው በነጭ መኪና የተሞላ ነው። አንዱን ደርሶበት ወደ ውስጥ ሲያይ ሕፃናት፣ ሌላውን ሲያይ ባዶ ወንበር። አደባባዩ ጋ ሲደርስ ደግሞ መንገዱ አራት ሆነ። የቱን ይያዝ? መሃል ላይ መኪናውን አቁሞ ወረደና ወደ ትራፊክ ፖሊሷ ሮጠ።

«ምን ሆነው ነው ጋሼ? መኪናዎን ያንሱ!»

«አንዲት እናት ተወስደውብኛል። ዐይናቸው አያይም።»

«ማን ነው የወሰዳቸው? እርስዎ ምናቸው ነዎት?»

«ሹፌራቸው ነኝ። የጥሪ ታክሲ ነኝ።»

ትራፊኳ መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ አየችው። ታጥቦ ያበራል፤ በሩ ላይ ምንም የለም።

«የታለ ስቲከርዎ?»

«ወንበር ስር ነው» አለ።

«ምን አሉኝ?»

ሄዶ አመጣላት። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጁ ይዞ ኩረጃ እንደተገኘበት ተማሪ ፊቷ ቆመ። ትራፊኳ ማግኔቱን ገልብጣ አየችው፤ ፊቷ ጠቆረ። ከዚህ በላይ መጠየቅ አላስፈለጋትም። «ሰሌዳውን ያውቁታል?» አለችው፤ እሱም ሳይደናቀፍ ጠራላት። ሬዲዮኑን ከትከሻዋ አውርዳ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ከኋላው የተከማቹት መኪናዎች ጥሩምባ ይነፋሉ፤ አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ አባቱን እየጠራ ሰደበው። ልጅቷ በየሁለት ደቂቃው ትደውላለች። «እየተፈለገ ነው ልጄ» ይላታል፤ አራተኛው ላይ ግን እሱም የሚለውን አላመነውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው ሲል አሰበ። ያ የደበቀው ስሙ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ጠየቀ፤ መልሱም አስጠላው።

ሬዲዮኑ ሲንኮሻኮሽ ትራፊኳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። «ተገኝተዋል» አለች። «ከከተማ መውጫው ኬላ ላይ ተይዟል። በሕይወት አሉ።»

ትራፊኳን አሳፍሮ ኬላው ጋ ሲደርስ አሮጊቷ የጥበቃው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰውዬው ዐይኑን በጨው አጥቦ «አሮጊት ልርዳ ባልኩ!» እያለ ይጮኻል። ስልካቸው ተዘግቶ ከሰውዬው ወንበር ስር ተገኝቷል። ሲያስቆሙት ደግሞ አሮጊቷ የጋብቻ ቀለበታቸውን ለማውለቅ ሲታገሉ ነበር፤ «እጅዎ አብጧል እማማ፣ ደም እንዳያግድብዎ ያውልቁት፤ እኔ እይዝልዎታለሁ» ብሏቸው። ጣታቸው እስከ መገጣጠሚያው ቀልቷል።

ዳይሬክተሩ እግራቸው ስር ቁጢጥ አለ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልወስድዎ የመጣሁት እኔ ነበርኩ።»

«አንተ የቱ ነህ?»

«ክሊኒኩ በር ላይ የዳበሱት መኪና።»

«አዎ፣ ዳብሼ ነበር። ቢጫ የለውም።»

«አንስቼው ነው።»

«ለምን?»

«አፈርኩ።»

«በምኑ ልጄ?»

ተነሳና ወደ መኪናው ሄዶ ሁለቱንም ስቲከሮች በሮቹ ላይ አጣበቃቸው። «ይኸው እማማ፣ ቢጫው። ይዩት፣ በክብር ቤትዎ አደርስዎታለሁ» አለ፤ ድምፁ ልመና ነበር።

አሮጊቷ ባልታሸገው ዐይናቸው ወደ ቢጫው አዩ። «አየሁህ እኮ። ስትለጥፈው አየሁህ» አሉ በለሆሳስ። «ያንንም ሰውዬ ቢጫው የታለ ብዬ ጠይቄው ነበር። ለእጥበት አንስቼው ነው አለኝ። ሹፌር ሁሉ የሚያነሳው መስሎኝ አመንኩት።»

ያቺ ቃል ከስድቡም፣ ከክሱም በላይ ገባችበት። ትራፊኳ ከጻፈችለት የክስ ወረቀት ጋር ማግኔቶቹን እንደምትወስድ ስትነግረው ራሱ ከበሮቹ ልጦ ሰጣት።

ልጅቷ በሌላ የጥሪ ታክሲ ደረሰች። መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍታ ወርዳ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም አለቀሱ። ዳይሬክተሩ ራቅ ብሎ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆመ። ልጅቷ አንዴ ብቻ አየችውና ፊቷን ወደ እናቷ መለሰች።

ታክሲው ያረጀ ነው፤ ቢጫ ስቲከሩ ፀሐይ በልቶት ነጣ ብሏል። አሮጊቷ ከመግባታቸው በፊት በሩ ላይ ጎንበስ አሉ። የስቲከሩን ጠርዝ በጣታቸው ዳበሱና አንዱን ጥግ በጥፍራቸው ፈለቀቁት። አልተነሳም። በሌላው ጥግ ሞከሩ፤ እሱም እምቢ አለ።

«ይሄኛው አይነሳም» አሉና ገቡ።

ዳይሬክተሩ በሩን ሊዘጋላቸው እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ቀድማው ከውስጥ ዘጋችው።