የሮዌና ጥጃ

ኦብሴ በዚያ ቤት በኖረችባቸው አራት ዓመታት የባሏን አባት ስም አንድም ቀን ጠርታ አታውቅም። ስማቸውን ብቻ አይደለም፤ አንዲት ቃል ተንፍሳላቸው አታውቅም። ኦቦ ጣዲቻ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እሷ ሦስት እርምጃ ርቃ ብትቆም እንኳ፣ የምትለውን የምትለው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሸምሳ ነው።

“አዮ፣ ምሳ ቀርቧል ይበሏቸው” ትላለች። አዮ ስትል እናቴ ማለቷ ነው።

ሸምሳም ወደ ባላቸው ዞር ብለው፣ “ምሳ ቀርቧል” ይላሉ።

“መጣሁ በያት” ይላሉ ኦቦ ጣዲቻ።

ሸምሳ ገበያ የወጡ ቀን ኦብሴ የምትናገረው ግቢው ውስጥ ለታሰረችው ፍየል ነው። “አንቺ ፍየል፣ ምሳ ቀርቧል።” ፍየሏ ቀና ትላለች፤ ሽማግሌው ይነሳሉ።

ይህ ጠብ አልነበረም፤ ክብር ነው። በዚያ ቤት ልማድ ምራት ለባሏ አባት አፏን የምትከፍተው፣ እሳቸው ከበረታቸው አንዲት ጥጃ አውጥተው፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ በምስክር ፊት “ያንቺ ናት” ሲሏት ነው። ለሌሎች ምራቶች ነገሩ ዓመት አይሞላውም። ኦብሴ ግን የተዳረችው በ1998ቱ ድርቅ ነበር። ኦቦ ጣዲቻ በዚያ ዓመት አሥራ አንድ ከብት አልቆባቸው ሁለት ላም ብቻ ስለቀሯቸው፣ “ትንሽ ይርቡ” ተባለ። ይርቡ ሲባል አራት ዓመት ሄደ።

ለሰላምታ ብቻ ቢሆን ዝምታው ባልከበዳት። ኦብሴ ግን አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ነጥቧም ለመምህርነት ሥልጠና ይበቃል። ሥልጠናው የማታ ነው፣ እዚያው እነሱ በሚኖሩባት ነገሌ ከተማ። ባሏ አረሮ ፊልቱ ከተማ ከብት ይነግዳል፤ በወር አንዴ ብቅ ሲል ትጠይቀዋለች፣ “እኔ ምን ቸገረኝ፣ አባቴ ካሉ” ይላል። አባቱ በሸምሳ በኩል ሁለት ጊዜ ተጠይቀው፣ ሁለቱንም ጊዜ “እናያለን በያት” ብለዋል። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ኦብሴ በር ሥር ቆማ ስትሰማ ነበር። እሷ ለግማሽ ሰዓት ያስረዳችውን ሸምሳ፣ “ልጅቱ ትምህርት ትላለች” ብለው ጨረሱት። በቃ።

ሮዌና የመጣችው በ2002 መጋቢት፣ ጋና የሚባለው የበልግ ዝናብ ሊጀምር ሲል ነው። ከፊሊፒንስ የመጣች የሃያ ስድስት ዓመት በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ ነበረች። ላኪዎቿ ቋንቋና ኑሮ እንድትለምድ ከቤተሰብ ጋር ትኑር ስላሉ፣ የአረሮ የድሮ ክፍል ተጠርጎ ተሰጣት። የሰፈሩ ልጆች መንገድ ላይ ባዩዋት ቁጥር “ቻይና! ቻይና!” እያሉ ይከተሏታል። እሷ ግን ዞር ብላ በኦሮምኛ፣ “አካም! ናጋ?” ትላቸዋለች፤ ልጆቹ በሳቅ ይበተናሉ።

ገና በመጀመሪያው ቀን የኦቦ ጣዲቻን እጅ አንስታ በግንባሯ አስነካችው። አገሯ ታላቅ ሰው የሚከበረው እንደዚያ ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥለው እጃቸውን ገልብጠው አዩት፤ በመጨረሻም ሳቁ። ኦብሴ ሲስቁ ጥርሳቸውን ያየችው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ለሮዌና ቀለለ። “አባባ ጣዲቻ!” እያለች ትጠራቸዋለች። ከእሳቸው ጋር ከአንድ ሳህን ገንፎ ትበላለች፤ ቅቤው ወደ እሷ በኩል እንዲፈስስ እሳቸው በጣታቸው መንገድ ይጠርጉለታል። የወተት ዕቃውን፣ ጮጮውን፣ አጥቦና አጥኖ የሚያቀርበው የኦብሴ እጅ ነው፤ የመጀመሪያው ኩባያ ወተት ግን ለሮዌና ይቀዳል። ኦብሴ ይህን ሁሉ ከማጀት ሆና፣ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ታያለች።

ይባስ ብሎ ልጅቱ የምትጠላ አልነበረችም። ጄሪካን ትሸከማለች፤ ልብሷን ራሷ ታጥባለች። ማታ ማታ ኦብሴ አማርኛና ኦሮምኛ ስታስተምራት፣ እሷ በተራዋ እንግሊዝኛዋን ታርምላታለች። ኦብሴ አንዳንዴ ከእሷ ጋር ስቃ ስትጨርስ መሳቋ ያናድዳታል።

በግንቦት አንደኛዋ ላም ወለደች። እንስት ጥጃ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። ኦብሴ እንገሩን አልባ ስትጨርስ የጥጃዋን ግንባር ዳበሰች። ተራዋ መድረሱን እርግጠኛ ነበረች፤ የማታው ክፍል ምዝገባ የሚዘጋው በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ነው።

ቅዳሜ ሸምሳ ወደ ማጀት ገቡ። “ሰማሽ? ጥጃዋን ለሮዌና ሊሰጧት ነው። ነገ ጎረቤታችን ጋሮማ ምስክር ይሆናል።”

“ለማን?”

“ለእንግዳችን። ምነው ድስቱን ለቀቅሽው?”

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሮዌና ደብተሯን ይዛ መጣች። ሽማግሌው አንድ ነገር ሊሰጧት እንደሆነ ገብቷታል። “ምን ብዬ ላመስግን?” አለቻት።

ኦብሴ ጎንበስ ብላ ጮጮውን ማጠብ ቀጠለች። “ሦስት ጊዜ እምቢ በዪ” አለች። “እኛ ዘንድ ስጦታ ዝም ብሎ መቀበል ነውር ነው።”

ሮዌና አልተጠራጠረችም። ትምህርት ቤት አብራት የምታስተምረው ወይዘሮ ሀይማኖት፣ ወላጆቿ ከሰሜን የመጡ፣ ቤቷ በጠራቻት ቁጥር እንግዶቹ ሁሉ “በቃኝ፣ በእመቤቴ በቃኝ” እያሉ ሲበሉ አይታለች። ለምግብ እንዲያ ከሆነ ለጥጃም እንዲያ ይሆናል። በደብተሯ ጻፈችው።

እሑድ ጠዋት ኦቦ ጣዲቻ እርጥብ ሣር ይዘው በረቱ በር ላይ ቆሙ። “ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይህች ያንቺ ናት።”

“አይ፣ አልፈልግም” አለች ሮዌና ፈገግ ብላ። ደገመችው። ሠለሰችው።

ጋሮማ ከትከት ብለው ሳቁ። “ጣዲቻ፣ ጥጃህ አልተወደደችም! ሴትየዋ ጊደር ጠብቃ ኖሯል!”

ጥጃን እምቢ ማለት የቤቱ ልጅ መሆንን እምቢ ማለት እንደሆነ ከሮዌና በቀር የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ኦቦ ጣዲቻ ሣሩን መሬት ላይ ጣሉትና ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገንፏቸውን ብቻቸውን በሉ።

“ምን አጠፋሁ?” አለች ሮዌና ሰኞ።

“ምንም” አለች ኦብሴ።

ማክሰኞም ጠየቀቻት። ኦብሴ ያንኑ መለሰች። የሽማግሌው ሳህን ለአንድ ሰው ሲቀርብ ማየት ያስደስተኛል ብላ ነበር፤ አስደስቷታልም፣ ሁለት ቀን ያህል። ረቡዕ ግን ሸምሳ ነገሯት። “ሌላዋ ላም ስትወልድ ጥጃውን ላንቺ ሊሰጡ አስበው ነበር። አሁን ግን ‘ከእኔ በረት የሚፈልግ የለም’ ብለው ዘጉት። እኔም ዳግመኛ አላነሳላቸውም።”

ሐሙስ ከሰዓት ሮዌና ሻንጣዋን አስራ ባጃጅ ጠራች። የሀይማኖት ግቢ ክፍል ተገኝቶላታል። ሸምሳ ገበያ ነበሩ። ኦቦ ጣዲቻ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ባጃጁ በር ላይ ሲቆም እያዩ እንዳላዩ ሆነዋል።

ኦብሴ ከማጀት ወጣች። የገፋት ጸጸት ይሁን የነገው ዓርብ ለራሷም አልለየላትም። ከፍየሏ አጠገብ ቆመች። “አንቺ ፍየል” አለችና አቆመች። ፊቷን ወደ በረንዳው አዞረች።

“አባ፣ እኔ ነኝ።”

ሽማግሌው ዓይናቸውን ፍየሏ ላይ ተክለው፣ “አንቺ ፍየል፣ ምን እያለች ነው?” አሉ።

“ፍየሏን ተዉአት፣ እኔን ይጠይቁኝ። ሮዌናን እምቢ በዪ ያልኳት እኔ ነኝ። ልማዱ ነው ብዬ ዋሸኋት። ጥጃዋ የእኔ ተራ ነበረች። ቀናሁባት።”

“በእንግዳ?”

“በእንግዳ።”

“አገሯ ሩቅ ስለሆነ እኮ ነው የሰጠኋት። አንቺ የቤት ሰው ነሽ፣ ትጠብቂያለሽ ብዬ።”

“አራት ዓመት ጠበቅሁ፣ አባ። ነገ ደግሞ ምዝገባው ይዘጋል።”

“የምን ምዝገባ?”

ነገረቻቸው። ማታ ማታ እንደሆነ፣ እዚሁ ነገሌ እንደሆነ፣ በባጃጅ አሥር ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ የማታውን ወተት ራሷ አልባ እንደምትወጣ። ኦቦ ጣዲቻ አፋቸውን ከፍተው አዳመጧት።

“ትምህርት ስትዪ ቤቱን ጥለሽ አዋሳ ልትሄጂ ነው ብዬ!” አሉ በመጨረሻ። “ይቺ ሸምሳ!” ቀጥለውም በከዘራቸው ወደ በሩ አመለከቱ። “መጀመሪያ ልጅቱን ከባጃጁ አውርጃት። ከዚያ እናያለን።”

“እናያለን አይበሉኝ።”

ኦብሴ ጥርሳቸውን ለሁለተኛ ጊዜ አየች። “በነፃ የተከፈተ አፍ እንዲህ ነው” አሉ። “ሂጂ፣ ተመዝገቢ።”

ባጃጁ ጋ ኦብሴ እውነቱን ስትነግራት ሮዌና አላቀፈቻትም። “አንቺ ክፉ ነሽ” አለቻት፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ሻንጣዋን ግን ራሷ ይዛ ተመለሰች። ሁለት ሳምንት አላናገረቻትም፤ ጥጃዋን ግን በማግስቱ፣ ጋሮማ ባሉበት፣ አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ ሳትል ተቀበለች።

ሮዌና ሁለት ዓመት ቆይታ ወደ አገሯ ገባች። ኦብሴ ዛሬ እዚያው ከተማ ታስተምራለች። ሌላዋ ላም የወለደቻት ጥጃ በወጉ ተሰጥታታለች፤ አሁን ሁለቱም ላሞች ናቸው፤ ሁለቱንም የምታልበው እሷ ናት። ኦቦ ጣዲቻ ዓይናቸው ደክሟል። ጠዋት በረንዳው ላይ ኮቴዋን ሲሰሙ ግን አንድ ቀን ሳይስቱ ይጠይቋታል።

“የሮዌና ላም እንዴት አደረች?”

“ደህና አድራለች፣ አባ። የእኔዋስ አይሉም?”

“ያንቺማ አንቺ አለሽላት።”

ኦብሴ ባልዲዋን አንስታ ትሄድና መጀመሪያ የራሷን ላም ታልባለች።