ፈረሱን ይላኩልን

ኦቦ ቱፋ ጎረቤታችን ነበሩ። ከሮቤ በታች ባለው አገራችን ደም የተቃቡ ሰዎች ሳይቀሩ የሚታረቁት በእሳቸው ቃል ነው። ሲናገሩ አይቸኩሉም። መጀመሪያ ይመርቃሉ፣ እኛ እንቀበላለን፣ ከዚያ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ነገሩን ያመጡታል። ይኼ ሁሉ ግን በኦሮምኛ ነው። አማርኛቸው ገበያ ላይ የለቀሟት ነች።

በመንደር ምሥረታ ጊዜ፣ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት መሰለኝ፣ ቤታችሁን አፍርሳችሁ ሜዳው ላይ ሥሩ ተባልን። ሜዳው ከሥሩ ውሃ ስላለ በበጋም ሣሩ አይደርቅም። እዚያ ፈረስ የሚያስር የለም፣ ኮቴው ይበሰብሳል። ሁላችንም እናውቃለን። እንዲናገሩልን ግን ስብሰባው ላይ ኦቦ ቱፋን አስነሣን።

መመረቅ ሲጀምሩ ከጎባ የመጣው ካድሬ፣ ጓድ ፍስሐ፣ ጸሎቱ ይቅርና ሐሳቡ በአማርኛ ይነገር አለ። ሽማግሌው ዱላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ።

«ይኼ መሬት ጥሩ አይደለችም» አሉ። «ታች ውሃ አለች። ፈረስ... ፈረስ ያውቃል።»

«እንግዲያው አባባ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ፈረሱን ይላኩልን። ምናልባት እሱ አማርኛ ይችል ይሆናል» አለ ካድሬው።

ሰው ሳቀ። የእኛው ሰው። ቀጥሎ፣ የሚያስተረጉም አለ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። እኔ ጎባ አስተማሪ ቤት አራት ዓመት ስላገለገልኩ እችል ነበር። ግን አነጋገሬ ያው የአገሬ ነው፣ እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ። ለነገሩ እኔም ስቄያለሁ።

ሜዳው ላይ ሠራን። በሁለተኛው ክረምት ውሃው ከወለሉ ውስጥ ወጣ። የኦቦ ቱፋ ባለቤት፣ አዴ ሽቶ፣ እርጥብ መደብ ላይ ሁለት ወር ሲያስላቸው ከርመው ሞቱ።

ጓድ ፍስሐ ከአንድ ጓደኛው ጋር ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አንቺ አማርኛ ትሰሚያለሽ አሉ ብሎ ጠራኝ።

«መሬቱ ውሃ እንዳለው እያወቁ ለምን ሳይነግሩን ቀሩ? በይልኝ።»

በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ኦቦ ቱፋ እንደ ድሮው ቀስ ብለው በኦሮምኛ መለሱልኝ።

«ነግሬዋለሁ። የሳቃችሁ ቀን።»

«ምን አሉ?» አለኝ ካድሬው።

«መምጣትዎን ያመሰግናሉ» አልኩት።

ሲወጣ ለጓደኛው፣ «ቢያንስ ይቺኛዋ ጭንቅላት አላት» ሲለው ሰማሁ።