የጋሩፋሊያ የታች ጥርስ

በእኛ በደቡብ ግሪክ፣ በማኒ መንደሮች ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀድማ የምትጠራው ጋሩፋሊያ ነበረች። ሙሾ አውራጅ ናት። የሟቹን የወይራ ማሳ፣ ጠቡን፣ አፍ አውጥቶ ያልተናገረውን ፍቅር ሳይቀር ስታወርደው፣ ድንጋይ የመሰሉ ወንዶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ከኋላዋ ተቀምጬ ሙሾውን ስቀበላት ኖሬአለሁ።

ጥርሶቿ ሲያልቁ ሰው ሠራሽ አሠራች። የላይኛው ላንቃዋ ላይ ልክክ አለ። የታችኛው ግን ምላሷ በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል። በአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ላይ፣ ሙሾው ጫፍ ሲደርስ፣ ከአፏ ዘሎ ሬሳው ደረት ላይ አረፈ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ፤ በመጨረሻ የሟች ሚስትም ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ጋሩፋሊያ ጥርሷን አንስታ በሻሿ ጠቀለለችና ወጣች። ከዚያ ወዲያ የጠራት የለም። ቤቷን ዘግታ ሾርባ እየጠጣች ተቀመጠች።

ብርዱ ሲገባ ወንድሟ ትራሲቩሎስ ሳንባውን ታሞ ካላማታ ከተማ ሆስፒታል ተኛ። ልንጠይቀው ስንሄድ እጇን ይዞ፣ "በሌላ ሰው አፍ እንዳትሸኚኝ። አንቺ ነሽ የምታወርጂልኝ" አላት።

"ዝም በል አንተ፣ ገና እኔን ትቀብረኛለህ" ብላ ሳቀችለት። ቤቷ ስትመለስ ግን የታችኛውን ጥርስ ከሻሿ ፈታ አወጣች።

ማጣበቂያ ቀባችበት፤ ምራቋ አሟሟው። ጥጥ ወተፈችበት፤ ድዷ ቆሰለ። ቢቸግራት የጥርስ ሐኪሟ ኤቫንቲያ ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ የመንጋጋዋ አጥንት አልቆ እንደተደለደለና ጥርሱ የሚቆናጠጠው እንደሌለ ነገረችን። አጥንቱ ላይ ብሎን ተክሎ ማሰር ይቻል ነበር፤ ጋሩፋሊያ ግን ለአጥንት መሳሳት ለዓመታት መርፌ ስትወጋ ስለኖረች ቁስሉ ላይድን ይችላል። የቀረው አንድ መንገድ ነው፦ ለስላሳ ሊጥ የመሰለ ነገር አፏ ውስጥ ይደረጋል፤ ስትናገርና ስትውጥ ምላስና ጉንጯ ከሁለት ወገን እየገፉ ለጥርሱ የሚረጋበትን ቦታ ይቀርጹለታል።

"ሙሾውን እዚሁ ያውርዱት፣ እትዬ" አለች ሐኪሟ። "ልኩ የሚወጣው አፍዎ እንደዚያ ሲንቀሳቀስ ነው።"

ጋሩፋሊያ ከወንበሩ ተነሳች። "ወንድሜ በሕይወት እያለ? ሞት ልጥራበት?"

"ለሌላ ሰው ያውርዱት።"

ተመልሳ ተቀመጠች። ሊጡ አፏ ውስጥ ሲገባ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። አርጊሮ ብላ ተጣራች። ዳዴ ሳትል የሞተች ልጇ ናት። ያኔ ሌሎች ሴቶች ሲያለቅሱላት እናቲቱ ነጠላ ቃል አልወጣትም ነበር። ጎረቤት ሆነን ስንኖር ያንን ስም ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ሊጡ እስኪጠና ድረስ አላቆመችም፤ ሐኪሟም ፊቷን አዙራ ቆመች።

ጥርሱ ተሠርቶ ሳይመጣ ትራሲቩሎስ ሞተ።

ጋሩፋሊያ ሬሳ ሳጥኑ አጠገብ አሮጌውን ጥርስ አውጥታ ኪሷ ከተተችና በባዶ ድዷ አወረደች። ማንም አልሳቀም። ቃሉ ግን ይሟሟል። ስሙ ላይ ስትደርስ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደገመችው፤ ያው ነው። አፏን በእጇ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጨረስኩት። የእኔ ድምፅ የተቀባይ ድምፅ ነው፤ ለቀስተኛው ሁሉ አውቆታል።

አዲሱ ጥርስ በሳምንቱ መጣ። ዳቦ ቆረሰችበት፣ ሳለችበት፣ ንቅንቅ አላለም። በአርባው መቃብሩ ላይ ሙሾውን ከነስሙ ጥርት አድርጋ ጨረሰችው።

"ይኸው ወንድምሽ ሰማሽ" አልኳት።

"አልሰማም" አለችኝ። "መስማቱ ያኔ ነበር፣ አፈሩ ሳይጫነው።"

አሁን እንደገና ይጠሯታል፤ ትሄዳለች። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጥርሷን አውልቃ ጭኗ ላይ እንዳደረገችው ቤት እንደርሳለን።