ኒክላስ ኩፒዶና ከባዷ ተጎታች ቤት

ማግሪታ ኩፒዶ ገናን በባህሩ ዳርቻ ካሳለፈች ስድስት ዓመት ሞላት። ከምትኖርበት ከደቡብ አፍሪካዋ ከተማ ከሮበርትሰን ባህሩ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢርቅ ነው፤ ዘመዶቿ ግን የሚሄዱት ለአንድ ቀን አይደለም። ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ፍራሹን፣ አያትና ሕፃን ሳይቀር ጭነው ይወርዱና ሦስት ሳምንት ይሰፍራሉ። ማግሪታም ከእናቷ የወረሰችው የራሷ ቦታ አላት፤ ነፋስ ካጎበጠው ዛፍ ሥር። ያስቀራት ትንፋሿ ነው። እንቅልፍ ሲወስዳት ጉሮሮዋ ይዘጋል። ሐኪም ያዘዘላት አየር የሚነፋ መሣሪያ አለ፤ አፍንጫዋ ላይ አስራው ትተኛለች። መሣሪያው ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ባህሩ ዳርቻ ላይ ኤሌክትሪክ የለም።

መጋቢት ላይ ከሰፈራው ኮሚቴ መልእክት መጣ፦ ሰባተኛ ዓመቱን ባዶ የሚያድር ቦታ ለተረኛ ይሰጣል።

«ይስጡት፤ ዛፉን ይዤው አልቀበር» አለች ማግሪታ፣ ስልኩን ገልብጣ እያስቀመጠች።

ባሏ ኒክላስ ቂጣውን ማኘኩን አቆመ። «አይሰጡትም» አለ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በቤት ዕቃ ፋብሪካ ቁምሳጥንና አልጋ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በሳምንቱ ከአንድ የወይን እርሻ ጓሮ ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ ካራቫን ጎትቶ አመጣ፤ በመኪና ኋላ ታስራ የምትሄድ ባለ ሁለት ጎማ ቤት። ባለቤቱ ዶሮ ሲያሳድርባት ስለነበር «አጽዳልኝና ውሰዳት» ብሎት ነው።

የማግሪታ ታናሽ ወንድም ኤበን በሩን ከፍቶ አፍንጫውን ያዘ። «ስማ የእህቴ ባል፤ ዶሮዎቹንም መረቁልህ ወይስ ሽታውን ብቻ ነው?»

«ሽታው ይታጠባል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ውሃ ነው» አለ ኒክላስ።

እውነቱን ነው። እንዲህ ያለች ቤት ከላይ ስታዩዋት ላሜራ ትመስላለች እንጂ አጥንቷ ሞራሌ ነው፤ ላሜራው ቆዳዋ ነው። በመስኮት ጥግ የገባች ጠብታ ለዓይን ሳትታይ ከቆዳው ሥር ትወርድና አጥንቱን ትበላዋለች። ስለዚህ ቀለም ቀብቶ መጋረጃ የሚሰቅል ሰው በበሰበሰ ነገር ላይ ነው የሚያጌጠው። ኒክላስ ካቻቢቴ ይዞ ሞራሌውን በየስንዝሩ ወጋ ወጋ አደረገው። ጤነኛው እንጨት «አልገባም» ይላል፤ የበሰበሰው ጫፉን እንደ ራሰ ዳቦ ይውጠዋል። ከግድግዳዋ ሲሶውን አውጥቶ በአዲስ ተካ፤ እያንዳንዱን ስፌት ደፈነ። ከዚያ ማግሪታን የእጅ ባትሪና ጠመኔ አስይዞ ውስጥ ዘጋባትና ከውጭ በጎማ አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃ ለቀቀባት። እርጥበት ያየችበት ላይ ሁሉ ምልክት አደረገች፤ አሥራ አንድ ሆነ። ደፍኖ እንደገና ሲሞክር ሦስት። በሦስተኛው አንድም የለ።

«ሰው ሚስቱን ያዝናናታል፣ አንተ ታጥባታለህ» አለች ስትወጣ። ሳቋን ግን አልደበቀችም።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ። ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ከአልጋው ሥር ባትሪ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ መብራት። ባትሪውን በትክክል ከጎማዎቹ አናት ላይ አኖረው፤ ከባድ ነገር ወደ ኋላ ከሄደ ቤቷ መንገድ ላይ ጅራቷን ትወዘውዛለች። ከጋዝ ምድጃው ሥር ወለሉን በሳ። ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ መውጫው ታች ካልሆነ ታፍኖ ይጠብቃችኋል።

የሚስቱን መሣሪያ ለብቻው ፈተነው። አንድ ቀን ከቁርስ እስከ እራት ባዶ አየር ላይ ሲነፋ ዋለ። ማግሪታ «አያገባኝም» ብላ ልብስ ስታሰጣ ቆየች፤ ሆኖም በየሰዓቱ የልብስ መቆንጠጫ እንደሚፈልግ ሰው ወደ በሩ ብቅ ትል ነበር። ማምሻውን ባትሪው ሩብ ያህል ብቻ ጎድሎ ተገኘ። የመዋኛ ልብሷን ከሻንጣ ሥር አውጥታ ለካችው።

የቀረው እንጨቱ ነበር፤ ኒክላስ የናፈቀው እሱን ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው አሮጌዎቹን ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች በፕላስቲክ ሲለውጥ ጣውላውን የወሰደው እሱ ነበር። ዝግባ ነው፣ የመቶ ዓመት ዝግባ፣ ላዩ ሲላግ የማር መልክ ያለው። አልጋውን፣ ቁምሳጥኑን፣ ስድስቱን መሳቢያ፣ ጠረጴዛውን ሁሉ ያለ ሚስማር፣ ጫፍ ከጫፍ እንደ ጣት አቆላልፎ ሠራው። ጎረቤት ለማየት ተሰለፈ። ከራስጌው ያቆመው ሳንቃ የአንድ ወንበር ጎን ነበር፤ የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል።

ገና ሊደርስ ሃያ ሰባት ቀን ሲቀረው ኤበን ፒክአፑን አምጥቶ ቤቷን ከኋላው አሰራት። የፒክአፑ ጀርባ ቁጢጥ አለ። ኤበን የሚሠራበት የፍራፍሬ ማኅበር የመኪና ሚዛን ስላለው ቀጥታ ወደዚያ ወሰዷት። በሯ ላይ የተለጠፈው የፋብሪካ ጽሑፍ ግልጽ ነው፦ ዕቃውን ሁሉ ጨምሮ ከአንድ ሺህ ኪሎ እንዳይበልጥ። ሚዛኑ ባዶዋን አንድ ሺህ ሰማንያ አነበበ።

«ምዕመናኑ ከወንበሩ አልወረዱም እንዴ?» አለ ኤበን።

ማንም አልሳቀለትም። ኒክላስ ቁጥሩን ትኩር ብሎ አየው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ደንበኛ ቁምሳጥን ለማንሳት ሞክሮ ሲያቅተው «ይህ ነው ዕቃ!» ሲል እየሰማ ነው የኖረው። ክብደት ምስጋናው ነበር። የቤት ቁምሳጥንን የሚሸከመው መሬት ነው፤ የዚህችን ግን ዳገቱን የሚጎትተው ሞተር፣ ቁልቁለቱን የሚይዘው ፍሬን ነው። ይህን ያውቃል፤ እጁ ግን አላወቀም ነበር።

«ኒክ፣ ደክመህልኛል። ይበቃል፤ ገናን እዚሁ እናክብር» አለች ማግሪታ በመንገድ ላይ።

«ምግብሽ፣ ውሃሽ፣ ልብስሽ፣ ጋዙ፣ ሁሉም ስንት ይመዝናል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«መዝኝዋ።»

እሷ የቤቱን ሚዛን አውጥታ መቶ አሥር ኪሎ ስትቆጥር፣ እሱ የገዛ ማያያዣዎቹን በእንጨት መዶሻ እየመታ ያላቅቅ ጀመር። አንዱ እምቢ ሲለው ደስ አለው፣ ወዲያው ደግሞ ተናደደበት። ከዚያ እያንዳንዱን ጣውላ በጎኑ አቁሞ ሰነጠቀው፦ ከአንዱ ሦስት ስስ ገበታ። ከበሮ የሚጠነክረው በቆዳው ውፍረት አይደለም፣ በመወጠሩ ነው። ቀጭን ፍሬም፣ በላዩ ስስ ዝግባ፤ ከሦስቱ አንዱ ይገባል፣ ሁለቱ ውጭ ይቀራሉ። ጠረጴዛውን በአንድ እጁ አንሥቶ ሲያሳያት «አሁን የቡና ማቅረቢያ መሰለ» አለችው።

«ብትቆሚበት ይችልሻል።»

ቆመችበት። ቻላት።

መውጫቸው ሁለት ቀን ሲቀረው ተጎታቿ ቤት እንደገና ሚዛን ላይ ወጣች፦ ዘጠኝ መቶ። ከማግሪታ መቶ አሥር ጋር አሥር ኪሎ ይበልጣል።

«አሥር ኪሎ ምንድን ነው? ውሃውን ቀንሱ፤ እዚያ ቧንቧ አለ» አለ ኤበን።

«ዛሬ በአሥር የጀመረ ነገ በሃምሳ ይጨርሳል» አለና ኒክላስ ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ። ሳይነካው የተወው ያን የወይን ሐረግ ሳንቃ ብቻ ነበር።

ማግሪታ ተከትላው ገባች። «እሱንስ ተወው። ልብሴን እቀንሳለሁ።»

«ራስሽ የሚፈልገው ትራስ ነው።» አራት ብሎን ፈታ። ሳንቃውን አቅፎ ወርዶ ከሚዛኑ ዳር አቆመው፤ ለአፍታ እጁን ሐረጉ ላይ አሳረፈ። ኤበን ከሚዛኑ ክፍል መስኮት ጮኸ፦ «ስምንት መቶ ዘጠና! እቴ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር እንዳትጨምሪ!»

ባህሩ ዳርቻ ሲደርሱ ተረኛ የተባለው ሰው ከዛፉ ራቅ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር፤ ፒክአፑን ሲያይ ኮፍያውን አንሥቶ ሄደ። የአክስት ልጆች እየተጋፉ ገቡ። አንዷ ቁምሳጥኑን አንኳኳችና «ውይ፣ ስስ ነው!» አለች።

«ስስ ነው» አለ ኒክላስ፤ እንዴት እንደሰነጠቀውም ግማሽ ሰዓት አስረዳት።

በማግስቱ ሲነቃ ፀሐዩ መስኮቱን ሞልቶታል። የማግሪታ መሣሪያ ጠፍቶ ማሰሪያው በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አልጋው ባዶ ነው። ጎንበስ ብሎ ባትሪውን አየ፤ ሰባ ስድስት በመቶ። ቀና ሲል በክፍቱ በር በኩል በእህቶቿ መካከል አያት፤ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ውሃው ውስጥ ቆማለች፣ የሆነ ነገር እየነገረቻቸው ትስቃለች። ጫማውን ሳይፈልግ ወረደ።