ከአባቴ ጋር ወደ ተበላ፦ ከሶዶ ውጪ መጀመሪያ የነዳሁ ቀን

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ወር አልሞላኝም፤ ከሶዶ ከተማ ወጥቼም ነድቼ አላውቅም ነበር። ተበላ ከተማ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ መውለዷን ስንሰማ ግን አባቴ፣ "አንቺ ትነጃለሽ፣ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ" አለኝ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር።

ጠዋት

አሮጌዋን ፒክአፓችንን ከማስነሳቴ በፊት ጎማውን፣ ዘይቱን፣ መብራቱን አሳየኝ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ።

"በደንብ ተኝተሻል? የሚያምሽ ነገር የለም?"

"ደኅና ነኝ አባዬ።"

"እንግዲያው ቀበቶሽን እሰሪ።"

የዳሞታ ተራራ ጉም እንደለበሰ ከኋላችን ቀረ። ኮብልስቶን የሚያነጥፉትን ወጣቶችና የሚሽሎኮለኩትን ባጃጆች አልፈን አስፋልቱ ቁልቁል ሲወርድ፣ እግሬ ፍሬኑ ላይ ተጣበቀ።

"ፍሬኑን አታቃጥዪው። ማርሽ ቀንሺና ሞተሩ ይያዝልሽ።"

እንዳለኝ ሳደርግ መኪናዋ ተረጋጋች፤ እኔም ተረጋጋሁ። በመስኮቱ የቆላው ሙቀት ይገባ ጀመር።

ተበላ

የገበያ ቀን ነበር። ማንጎና ሙዝ በተሸከሙ ሴቶች፣ ፍየል በሚጎትቱ ሰዎች መሃል ቀስ ብዬ አለፍኩ። አራሷ ቤት ቆጮ በቅቤ፣ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ቀረበልን። አባቴ ሕፃኗን ታቅፎ ወደ በሩ ብርሃን ወጣና ፊቱን ፊቷ ላይ ሊያስነካ እስኪደርስ ቀርቦ አያት። ፍቅር ነው ብዬ አለፍኩት።

መልስ

"ዳገቱን እኔ ልያዝልሽ" ሲለኝ ደስ ብሎኝ ቁልፉን ሰጠሁት። ጥቂት እንደሄድን አንዲት ሙዝ የተሸከመች ሴት መንገዱን ስታቋርጥ አየሁ። አባቴ ፍጥነቱን አልቀነሰም።

"አባዬ፣ ፍሬን!"

መኪናዋ ተንሸራታ ሴትየዋ አጠገብ ቆመች። ሙዙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሮጬ ወርጄ ደገፍኳት። አልተነካችም። "ሰውየው አያይም እንዴ?" አለችኝ በወላይትኛ። ይቅርታ ጠይቄ ሙዟን ለቅሜ አሸከምኳት።

ስመለስ አባቴ መሪውን እንደጨበጠ ነው። "የዛፍ ጥላ መስላኝ ነበር" አለ።

ከፊታችን አንድ አይሱዙ ቆሟል። "ከኋላው የተጻፈውን እስቲ አንብብልኝ" አልኩት።

"ጽሑፍ አለው?"

"አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ።"

"ዕድሜ ልኬን ነድቼ፣ ዛሬ ከመሪ ልታወርጂኝ?"

እንባዬ መጣ፤ የዘረጋሁትን እጅ ግን አልሰበሰብኩም። በመጨረሻ አባቴ ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረልኝ።

ቤት ስንደርስ እናቴ፣ "እንዴት ነዳች?" ብላ ጠየቀችው። "በደኅና አደረሰችኝ" አላት። የሴትየዋንም ነገር ሳይደብቅ ራሱ ነገራት። ማርሽና ፍሬን ከማንም መማር ይቻላል። አልችልም ብሎ ከመሪ መውረድን ግን እኔ ያየሁት ከአባቴ ነው።

በማግስቱ እዚያው ሶዶ፣ ኦቶና ወዳለው ሆስፒታል ዓይኑን ላስመረምረው ይዤው ወጣሁ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ፣ "ባጃጅ እየመጣ ነው፣ ተጠንቀቂ!" አለኝ።

"አየኸው እንዴ?"

"ኧረ ሰማሁት" አለና ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።