የሐሙስ ከሰዓት ክፍል

ታላሂቫ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። በአንዲት የሩቅ ደሴት፣ በኮሎንጋ መንደር፣ የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ታስተምራለች፤ ታስተምራለች ይባል እንጂ በወረቀት ረዳት ናት። ዲግሪ ስለሌላት ትናንት የመጡ ልጆች በፊቷ ዋና መምህር ተብለው ሲሾሙ፣ ክፍሉን የምታሳያቸውና የጠመኔውን ሣጥን የምታስረክባቸው እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ የገባችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። አባቷ ሲታመም ልታስታምመው ወጣች፤ እሱ ሞተ፣ እሷም በዚያው ቀረች።

ወደ ትምህርቷ የመለሳት የዩኒቨርሲቲው ደንብ ነው። ያኔ ያለፈቻቸው ትምህርቶች የሚያገለግሉት ለአሥር ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንዳልተማረች ይቆጠራል። ባለፈው ዓመት ተመልሳ የቀሩባትን አንድ በአንድ ስትጨርስ ከርማ፣ ዘንድሮ፣ በአሥረኛው ዓመት፣ አንድ ትምህርት ብቻ ቀራት፤ የሰው አካልና ጤና። የሚሰጠው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ርዕሰ መምህሯ ፊታቸውን አጥቁረውም ቢሆን ሐሙስን ፈቀዱላት።

ቤት ውስጥ እናቷ ናኒሲ አለች፤ ግቢው ጥግ ባለችው ትንሽ ጎጆ ደግሞ የሃያ አንድ ዓመት ወንድሟ ሳቴኪ ይኖራል። ጢሙ ማቀምቀም ከጀመረ ወዲህ ከእህቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አድሮ አያውቅም። እሷ በረንዳ ላይ ካለች በጓሮ ይዞራል፤ እሱ ፊልም እያየ እሷ ከገባች ይነሣል። እሱ ባለበት ስለ ሰውነት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ነውር ነገር አይወራም፤ አንድ ሰው ቢያመልጠው እንኳ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። የሚባባሉት ነገር ካለ በእናታቸው በኩል ነው። ከተማ ያሉት ብዙዎች ይህን ትተውታል፤ ናኒሲ ቤት ግን እንዳለ ነው። ጥል እንዳይመስላችሁ፤ በአገሩ ባህል ወንድም እህቱን የሚያከብረው እንዲህ ነው። ሳቴኪ ከባሕር ሲመለስ ትልቁን ዓሣ ለይቶ "የእህቴ ነው" ብሎ ለእናቱ ይሰጣል። እሷም እሱ አምና የሒሳብ መምህርነት ሊማር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በኩራት ልቧ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ምን ምን እንደሚማር ግን ጠይቃው አታውቅም። እንዴት ብላ ትጠይቀው?

በመጀመሪያው ሐሙስ ፊት ለፊት ተቀመጠች። መምህሯ ከኒውዚላንድ በቅርቡ የመጣች፣ ሳቅ የማይርቃት ወጣት ናት። ስም ስትጠራ አንድ ሰው ዘግይቶ ገባና ከኋላ ተቀመጠ።

"ሳቴኪ ካቬይንጋ?"

"አለሁ።"

ታላሂቫ ዞራ አላየችም፤ ድምፁ በቃት። መምህሯ መዝገቡ ላይ የአባት ስማቸው አንድ መሆኑን አይታ ፈገግ አለችና፣ እህትና ወንድም ከሆኑማ ሥራውን ጥንድ ሆነው እንዲሠሩ መደበቻቸው። በሦስተኛው ሳምንት የሚደርሳቸው ርዕስ በትልልቁ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ ፅንስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አሥራ ሦስቱም ተማሪዎች ጸጥ አሉ። አንድ ልጅ ሳል ሳይዘው ሳለ። መምህሯ ጸጥታውን ትጋት መስሏት ደስ አላት።

በባህሉ መንገድ የሚለቀው ወንድም ነው። እህት ትከበራለች፣ ወንድም ይሸሻል። ታላሂቫ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ቁጭ ብላ ብትጠብቅ ማንም አይፈርድባትም ነበር። ግን አውቶቡስ ላይ ስታስበው አላስችላት አለ። እሷ ተቋርጦ መቅረት ምን እንደሆነ ቀምሳዋለች። ልጁ ገና መጀመሩ ነው፤ ዛሬ አንዱን ከለቀቀ ነገ ሌላውን ይለቃል፣ ከዚያ አጎታቸው እርሻ ገብቶ ጎደሬ ሲነቅል ይኖራል። የራሷ አሥር ዓመት እንደሚቃጠል እያወቀች፣ በማግስቱ ጠዋት የምታስተምርበትን ትምህርት ቤት አስፈቅዳ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ስሟን ሰረዘች። ጸሐፊዋ ምክንያት የሚጻፍበትን ቦታ ስታሳያት "የግል" ብላ ጻፈች።

ማታ ናኒሲ ለእህቷ ልጅ ሠርግ የምታደርሰውን ሰሌን እየሠራች ነበር። ታላሂቫ አጠገቧ ተቀምጣ ቅጠሉን እየሰነጠቀች ነገረቻት።

"እንዳትነግሪው፣ እማዬ። ካወቀ እሱ ይወጣል።"

ናኒሲ ጣቷን ሳታቆም "እሺ ልጄ፣ ሆድ ይፍጀው" አለች። ትንሽ ቆይታም "እንግዲያስ ሐሙስም እጅሽ ተገኘልኝ" አለች። ታላሂቫ ይህን እንደ ቀልድ ወሰደችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ጓሮ መሬት ውስጥ ከተቆፈረው ምድጃ ምግቡ ሲወጣ፣ በጎደሬ ቅጠል ከተጠቀለለው ሥጋ ትልቁ ወደ እሷ መጣ። ሳቴኪ ልኮት ነው። መልቀቋን ደርሶበት ምስጋናው መሰላትና እንባዋን ዋጥ አድርጋ በላች። ከዚያም ሐሙስ በመጣ ቁጥር ቦርሳውን አንግቶ ወደ አውቶቡሱ ሲሄድ ከሰሌኑ ሥራ ቀና ብላ፣ እሱ ሳያያት፣ በመስኮት ታየው ነበር። የኔ ወንበር ለሱ ይሁን ትላለች በልቧ። ምን ዋጋ አለው፣ ሰው መልካም ሥራውን ብቻውን ሲያየው ያምርበታል።

በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከከተማ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ኤሴታ አጠገቧ ተቀመጠች። ኤሴታ በዚያ ክፍል ጎኗ የነበረች፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሰላምታ ሳትጨርስ ወቀሳውን ጀመረች።

"እናንተ ልጆች ጉድ ሠራችሁን። ክፍሉ ተዘጋ እኮ። ከአሥራ ሁለት ሰው በታች አናስተምርም አሉ።"

"አሥራ ሦስት ነበርን። አንድ ብወጣ አሥራ ሁለት አይደለም?"

"ወንድምሽስ? ከአንቺ በኋላ በዚያው ቀን ከሰዓት ነው ስሙን የሰረዘው። ጸሐፊዋ ነገረችኝ፤ እሱም 'የግል' ብሎ ጻፈ ብላ ስትስቅ።"

ታላሂቫ በመስኮቱ በኩል ወደ ኮኮናቱ ዛፎች ዞረች። ለእሱ ብላ የሰጠችው አሥር ዓመት ለከንቱ ሆነ። ቀጥሎ የሚሰጠው በሁለት ዓመቱ ነው፤ ያኔ ያለፈችው ሁሉ ተሽሮ ከአንድ ትጀምራለች። ሁለቱም ቢቀመጡ ወይም አንዳቸው ብቻ ቢወጡ፣ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ተከባብረው ተከባብረው ከሁለት ያጡ ሆኑ። ሐሙስ ሐሙስ ቦርሳ አንግቶ ይሄድ የነበረው ለሌላው ትምህርቱ ኖሯል። ያ የእሑድ ሥጋም ምስጋና አልነበረም፤ እሱም እንደ እሷ የለቀቀላትን ክፍል በልቡ እየመረቀላት ነው የላከው።

ቤት ስትደርስ ናኒሲ ሰሌኑን ጨርሳ ጠርዙን ትከረክማለች።

"እማዬ፣ ሳቴኪ መልቀቁን ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"መቼ ነው የነገረሽ?"

"አንቺ በነገርሽኝ ማግስት። ስም መሰረዝም የተሰረዘ መመለስም የሚቻልበት ገና ሳምንት አለ አለኝ፤ ስለዚህ አትንገሪያት፣ ካወቀች ትወጣለች አለኝ።"

"ሳምንት ሙሉ ቀን ነበረን? መመለስ እንችል ነበር?"

ናኒሲ ቢላዋውን አስቀመጠች። ያጠፋች አልመሰላትም፤ እንዲያውም ፊቷ ላይ ኩራት ነበረ።

"እሱም አትንገሪያት አለኝ፣ አንቺም አትንገሪው አልሽኝ። የማንኛችሁን አደራ ልብላ? ደግሞ እንዲህ ያሉ ልጆች ማን አለው? ለፓስተሩ ሚስት ብነግራት አለቀሰች። ለሴቶቹ ማኅበር ሁሉ ተናገረችው።"

መንደሩ በሙሉ ሰምቶ፣ አድንቆ፣ አልቅሶ ጨርሷል። ያልሰሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ታላሂቫ ልትጮኽ ፈለገች፤ በእናት ላይ አይጮኽም።

በዚህ መሐል ሳቴኪ ሁለት ዓሣ አንጠልጥሎ ከባሕር መጣ። እህቱ በረንዳው ላይ መሆኗን ሲያይ እንደ ልማዱ ዐይኑን መሬት ጥሎ በጓሮ ሊዞር ታጠፈ።

"ሳቴኪ" አለች።

በስሙ ከጠራችው ስንት ዓመት ሆኗል? ባለበት ቆመ። ወደ እሷ ግን አልዞረም፤ ጀርባውን እንደሰጠ፣ ዓሣው እጁ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በአክብሮት ድምፁን ዝቅ አድርጎ እናቱን ጠየቀ።

"እማዬ፣ እህቴ ምን ፈልጋ ነው?"

ናኒሲ ልጇን አየቻት፤ ከዚያ ሰሌኑን መጠቅለል ጀመረች።

"ምንም አልፈለገችም" አለችው። "ትልቁን ዓሣ ለእሷ አስቀምጥና ሂድ ታጠብ።"