ግብር ለመቀነስ የጻፍኩት ማይል

ይህ ያጋጠመኝ በፈረንጆቹ 2006 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ነው። ለረጅም ጊዜ እያፈርኩበት ለሰው አልተናገርኩትም። ዛሬ የምጽፈው አዴ ፋጡማ የሚባሉ ሴት ሳይመሰገኑ እንዳይቀሩ ብዬ ነው።

ያኔ ከጓደኛዬ ከደረጀ ጋር ከከተማው ዳር ሆፕኪንስ በሚባል ቦታ አንድ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። ሁለታችንም ፕሊማውዝ ካለ ፋብሪካ ተቀጥረን ስንሠራ ቆይተን፣ እኔ ለቀቅኩና በራሴ መኪና ከክሊኒክ ወደ ላብራቶሪ የደም ናሙና ማመላለስ ጀመርኩ። ሥራው በኮንትራት ስለሆነ ቼኩ ግብር ሳይቆረጥበት ሙሉው እጄ ይገባል። ደረጀ በየሁለት ሳምንቱ የተቆረጠበትን እያየ ሲያጉረመርም፣ «አንተ ለመንግሥት ስትሠራ ኑር» እያልኩ እስቅበት ነበር።

የግብር ጊዜ ሲደርስ ሳቁ የደረጀ ሆነ። እሱ ከተቆረጠበት ላይ ተመላሽ ይጠብቃል፤ እኔ ዓመቱን ሙሉ ያልተቆረጠብኝን በአንዴ ልጠየቅ ነው። ሰዎች «ማይል ጻፍ» ብለው መከሩኝ። በኮንትራት የሚሠራ ሰው ለሥራ የነዳውን ከገቢው ላይ መቀነስ ይፈቀድለታል። እኔ ታዲያ ለሥራ የነዳሁትን ብቻ መች ጻፍኩ! መኪና ያለው አበሻ ኑሮው ይታወቃል። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ያደረስኳቸውን እናቶች፣ ከኤርፖርት የተቀበልኩትን እንግዳ ሁሉ፣ አዮዋ ድረስ ለሠርግ የሄድኩትን ሳይቀር ደብተር ላይ አሰፈርኩ።

አንድ ቅዳሜ ፊሊፕስ የሚባል ሰፈር ውስጥ የግብር ፎርም በነጻ ወደሚሞላበት ቦታ ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ አዴ ፋጡማ ፊት ተቀመጥኩ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ፊታቸው የማይቸኩል የኦሮሞ እናት ናቸው፤ «አዴ» የምንላቸው በኦሮምኛ ለአክብሮት ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሂሳብ ሥራ ተቀጥረው ይውሉና ቅዳሜያቸውን ለእኛ ይሰጣሉ።

ደብተሬን ገልጠው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ሁሉ ደም እሁድ እሁድ ነው የሚቀዳው?» አሉኝ።

ቀጥለውም «ባለትዳር ነህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ ባለቤቴ አዲስ አበባ ናት። ላመጣት ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ሚስትህን ለማምጣት ስፖንሰር ስትሆን ኢሚግሬሽኖች ገቢህን የሚያዩት ከዚሁ ወረቀት ነው፤ ታውቃለህ? ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ቢቆረጥበትም ገቢው ሙሉውን ይታይለታል። ያንተ ግን ወጪ ባልክ ቁጥር ይወርዳል። አንተ በጻፍከው ብሞላልህ፣ ሚስት ማኖር የማትችል ድሃ ነህ። ደግሞም ውሸት ነው። እኔ ውሸት አልሞላም።»

ክው አልኩ። ግብር ሳመልጥ የገዛ ሚስቴን ላስቀራት ነበር።

ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ «መኪናህ ውስጥ የሥራ ወረቀት የለም?» አሉኝ። ሮጬ ሄጄ ናሙና ያደረስኩበት ቀንና ቦታ የተጻፈበትን ወረቀት በሙሉ በፌስታል አመጣሁ። ምሳቸውን ሳይበሉ እያንዳንዱን ቀን አብረውኝ አስተካከሉ። የቀረው እውነተኛው ማይል ብቻ ነበር። ግብሩ ከበደ፣ ገቢዬ ግን ለስፖንሰርነት የሚጠየቀውን አለፈ።

«ግብሩ ለምን ይሄን ያህል በዛ?» አልኳቸው።

«ለተቀጣሪ የሶሻል ሴኩሪቲውን፣ ማለትም የጡረታ መዋጮውን፣ ግማሽ አሠሪው ይከፍልለታል። ያንተ አሠሪ አንተው ነህ፤ ሁለቱንም ትከፍላለህ» አሉና በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ እንድከፍል ማመልከቻውን ሞሉልኝ። ዕዳውን ከፍዬ ለመጨረስ ከዓመት በላይ ፈጀብኝ። ባለቤቴ ግን መጣች፤ ዛሬ ሁለት ልጆች አሉን።

በስደት ዘመኔ ብዙ ደግ ሰው ገጥሞኛል። እንደ አዴ ፋጡማ ግን ውሸቴን ፊት ለፊት ነግሮኝ፣ ሳይንቀኝ፣ ከዚያው ከውሸቴ ያወጣኝ ሰው አላየሁም። እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። አሁንም ድረስ ሳስበው የሚያስደነግጠኝ አንድ ነገር አለ። ያን ቀን ዝም ብለው የጻፍኩትን ቢሞሉልኝ ኖሮ፣ አመስግኛቸው ደስ እያለኝ እወጣ ነበር።